ከተጸጸትንበት ግዢ የሚገኝ ትምህርት

ገንዘብ ማግኘት አንድ ዕውቀት ነው፤ ያገኙትን ገንዘብ በሚገባ ማውጣት ግን ሌላ ዕውቀት ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ይመኘዋል፤ ሁለተኛውን ግን የሚማረው ጥቂት ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ከተሳሳተ በኋላ ነው። ስለ ቤት አስተዳደር በምንነጋገርበት በዚህ ዐምድ በዛሬው ወር ልናነሣው የወደድነው ነገር ይኸው ነው። የተጸጸትንበት ግዢ በከንቱ የጠፋ ገንዘብ ሆኖ እንዳይቀር፣ ይልቁንም ለሚመጣው ዘመን እንደ ትምህርት ክፍያ ሆኖ እንዲቈጠር ምን ማድረግ ይገባናል? ምሳሌውንም ከሩቅ ሳንፈልግ ከራሳችን ቤት እንጀምራለን። የራሱን ስሕተት ሸሽጎ የሌላውን የሚተርክ መካሪ ብዙ ሰሚ አያገኝምና።

የምንኖረው በላስታ፣ በላሊበላ ከተማ ነው። እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ቤተ ሰቦች እኛም ሁለት ክፍሎች አሰናድተን፣ በገናና በጥምቀት ለሚመጡት ተሳላሚዎችና ጎብኚዎች እናከራያለን። በ2012 ዓ.ም. ገና ክፍሎቻችን አንድም ሌሊት ባዶ አላደሩም ነበር። በዓላቱ ሲያልፉ ወጪያችን ሁሉ ተቀንሶ 5,000 ብር በእጃችን ቀረ። በዚያ ወራት ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ትልልቅ ቴሌቪዥን እያስገቡ ስለ ነበረ፣ እኛም «እንግዳ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ማረፍ ይወዳል» ብለን ተነሣን። የዕቃው ዋጋ 18,000 ብር ነበረ። የጐደለውን 13,000 ብር ለመሙላት የምትታለበውን አንዲት ላማችንን ለጎረቤታችን ለአንዲት አረጋዊት እናት ሸጥን። ቴሌቪዥኑ በጥር መጨረሻ ገባ፤ ልጆቹም እጅግ ደስ አላቸው፤ እኛም ብልህ ነጋዴ የሆንን መሰለን።

ነገሩ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። የውጭ አገር ጎብኚ ቀረ፤ አየር መንገዱም ጭር አለ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ በጎታችን ውስጥ እህል ስላልነበረ ገብስና ጤፍ በዱቤ ገዛን፤ ዋጋውም በጥር ከነበረው እጅግ የበለጠ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ደረሰ። ባንኩ ተዘጋ፤ መብራት ጠፋ፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላም መብራቱ ለወራት አልተመለሰም። ወፍጮ ቤቶች በቆሙበት በዚያ ጊዜ ያ 18,000 ብር የወጣበት ዕቃ በጨለማው ክፍል ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦ ነበረ።

ጎረቤታችን እማማ ግን ላሚቱን በክፉው ቀን ወደ ገጠር ዘመዶቻቸው ልከው አተረፏት። በ2014 ዓ.ም. ከተማው ጥቂት ሲረጋጋ ወደ ቤታቸው መለሷት። ከዚያም በኋላ ማለዳ ማለዳ በልጅ ልጃቸው እጅ አንዲት ጣሳ ወተት ይልኩልን ጀመር። እኛ ዐፍረን «እማማ፣ ይቅር፤ ለርስዎም አይበቃም» ብንላቸው «ልጆቼ፣ ለናንተ መቼ ላክሁ? ለሕፃናቱ ነው እንጂ» ብለው መለሱልን። የሸጥናትን ላም ወተት ልጆቻችን በሰው ቸርነት ጠጡ ማለት ነው። ቴሌቪዥኑን በመጨረሻ በ6,000 ብር ሸጥነው፤ ለእህልም ዋለ።

አሁን እንግዲህ አንድ ነገር ለይተን ማወቅ አለብን። ወረርሽኝና ጦርነት እንደሚመጣ እኛ በጥር ወር ልናውቅ አንችልም ነበር። ነቢይ አልሆንንም ብለን ራሳችንን ብንወቅስ ከዚህ ወቀሳ ምንም ትምህርት አይገኝም፤ ላሚቱም ከኛ ዘንድ ብትቀር ኖሮ በጦርነቱ ጊዜ ልትዘረፍብን ትችል ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ልናውቀው የምንችለው ሌላ ነገር ነበረ። ላም በየቀኑ የምትሰጥ ሀብት ናት፤ ቴሌቪዥን ግን መብራት፣ ጥገናና እንግዳ የሚጠብቅ ዕቃ ነው። የሚሰጠውን ሸጠን የሚጠብቀውን ገዛን። ጎታው ባዶ መሆኑንም እናውቅ ነበር። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። ጸጸት አስተማሪ የሚሆነው «ምን ሊመጣ እንደ ነበረ» ሲጠይቅ ሳይሆን «በዚያ ቀን ምን እያወቅን ተውነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ይህን ዐይነቱን ጸጸት ወደ ትምህርት የለወጠ አንድ የታወቀ ሰው በታሪክ አለ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1779 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ሳለ ለአንዲት ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የልጅነቱን ታሪክ ነገራት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በበዓል ቀን ዘመዶቹ በኪሱ ሳንቲም ሞሉለት። በመንገድ ላይ አንድ ልጅ ፊሽካ ሲነፋ ሰምቶ ድምፁ ስላስደሰተው ያለውን ሳንቲም ሁሉ ሰጥቶ ፊሽካውን ገዛ። ቤት ሲደርስ ወንድሞቹና እኅቶቹ ዋጋውን አራት እጥፍ እንደ ከፈለ ነገሩት፤ ሳቁበትም። እርሱም በተረፈው ገንዘብ ሊገዛው ይችል የነበረውን መልካም ነገር እያሰበ አለቀሰ። ሆኖም ያ ልቅሶ እስከ ሽምግልናው ጠቀመው። አንዳች የማያስፈልግ ነገር ሊገዛ በተቃረበ ጊዜ ሁሉ ያን ፊሽካ ያስታውስ ነበርና። ልብ እንበል፤ ልጁ ፊሽካውን አልረሳውም፤ በልቡ መዝገብ ጻፈው።

እኛም ከዚህ ተነሥተን በ2015 ዓ.ም. አንድ የተማሪ ደብተር ወስደን «የጸጸት መዝገብ» ብለን ሰየምነው። በየገጹ አራት ጥያቄ ጻፍን። ምን ገዛን? ገንዘቡ ከየት መጣ? በዚያ ቀን ስለ ምን ቸኰልን? ከዓመት በኋላስ ምን ሠራልን? ባልና ሚስት በአንድነት ተቀምጠን ያለፉትን ዓመታት ዘጠኝ ግዢዎች ጻፍን። በመጀመሪያው ምሽት «አንተ ነህ፤ አንቺ ነሽ» መባባል ሆነ። በሁለተኛው ምሽት ግን «ገዛን» እንጂ «ገዛህ» ወይም «ገዛሽ» የሚባል ቃል በመዝገቡ እንዳይገባ ተስማማን፤ ከዚህም ወዲህ ሥራው በሰላም ቀጠለ። ሲጠናቀቅ ከዕቃዎቹ ይልቅ ቀኖቹ ነገር ገለጡልን።

ከዘጠኙ ግዢዎች ስድስቱ የተፈጸሙት ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በላሊበላ ገንዘብ የሚገባው በገናና በጥምቀት ሰሞን ነው። አስጐብኚው፣ ባለ በቅሎው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሸማኔው፣ ክፍል አከራዩ ሁሉ በአንድ ወር የብዙ ወር ሲሳይ ያገኛል። ገንዘብ በበዛበት ወር ልብም ይሰፋል። ነገር ግን ያው ወር በላስታ ደጋ ገብሱ፣ ስንዴውና ባቄላው ተወቅቶ ወደ ቅዳሜው ገበያ የሚወጣበት፣ የእህል ዋጋም ከዓመቱ ሁሉ የሚረክስበት ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ግን የገበሬው ጎተራ ይጐድላል፤ ዋጋውም ይወጣል። እንግዲህ የገናን ገንዘብ በዕቃ ጨርሶ በክረምት እህል በዱቤ የሚገዛ ቤት ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ እህሉን በርካሽ ጊዜ ሳይገዛው ቀረ፤ በውድ ጊዜም በዕዳ ገዛው። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ሁለተኛው የጸጸታችን ምንጭ ይሉኝታ ነው። በመዝገባችን ውስጥ በ2010 ዓ.ም. ያወጣነው የአባታችን ተዝካር ወጪ ይገኛል። በሬውን በብድር ገዝተን፣ ጠላውን በእንስራ ደርድረን፣ የቀበሌውን ሰው ሁሉ ጠራን። ዕዳውን ለመክፈል ሁለት ዓመት ፈጀብን፤ በነዚያ ዓመታትም የበኵር ልጃችን ጫማ ሳይለወጥ ቀረ። በኋላ ለንስሓ አባታችን ስንነግራቸው «ልጆቼ፣ ለአባታችሁ የሚጠቅማቸው ጸሎቱና ለነዳያን የሰጣችሁት ቁራሽ ነበር፤ የጠገበውን ለማጥገብ ማን አዘዛችሁ?» አሉን። ይህን የምንጽፈው የሙታን መታሰቢያ ይቅር ለማለት አይደለም። መታሰቢያውን ከይሉኝታ መለየት እንደሚገባ ለማስታወስ ነው። ሠርግም እንዲሁ ነው። ለሙሽሮቹ ጎጆ መውጫ የሚሆነው ገንዘብ በአንድ ቀን ድግስ ካለቀ፣ ተጋባዡ አመስግኖ ይሄዳል፤ ሙሽሮቹ ግን ባዶ ቤት ይገባሉ።

ሦስተኛው የርካሽ ዕቃ ጸጸት ነው። መብራት በጠፋበት ጊዜ ብዙ ሰው የፀሐይ መብራት ይገዛ ነበረ። እኛም ዋጋው ግማሽ የሆነውን መርጠን ገዛን፤ በሁለት ወርም ባትሪው ሞተ። ሌላ ገዛን፤ እርሱም ሞተ። ሁለቱ ተደምረው ከአንዱ ደኅና መብራት ጋር እኩል ዋጋ ሆኑ፤ እኛ ግን በጨለማ ነበርን። የዕቃ እውነተኛ ዋጋው ሻጩ የሚጠራው ቍጥር ብቻ አይደለም። ዋጋው ለሚያገለግልባቸው ወራት ሲካፈል ነው የሚታወቀው። 300 ብር ተገዝቶ ሁለት ወር የሠራ ዕቃ በወር 150 ብር አስከፈለን ማለት ነው፤ 600 ብር ተገዝቶ ሁለት ዓመት የሚሠራው ግን በወር 25 ብር ብቻ ነው። ይህን ስሌት ልጆቻችንም ሊሠሩት ይችላሉ፤ ቢሠሩትም መልካም ነው።

አራተኛው የፍርሃት ግዢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ አስቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሰው ሁሉ «ነገ ይወደዳል» እያለ ወደ ሱቅ ሮጠ። እኛም ለጓሮ ቤታችን ይሆናል ብለን ሲሚንቶ ገዝተን አከማቸን። ክረምት ነበረና መሥራት አልተቻለም፤ መጋዘንም አልነበረንም፤ በአፈር ወለል ላይ ደረደርነው። መስከረም ጠብቶ ከረጢቱን ስንከፍተው ርጥበት ገብቶበት ደንድኖ ድንጋይ ሆኖ አገኘነው። ብር ዋጋው ሲወርድ ገንዘብን በቤት ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ እንደማይበቃ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍርሃት የሚያድነው የምንጠቀምበትን፣ የማይበላሽበትን ስፍራ ያዘጋጀንለትን ነገር መግዛት ነው፤ ያገኙትን ሁሉ መግዛት አይደለም። የደረቀና ነቀዝ የማይደርስበት እህል፣ የታደሰ ጣራ፣ የምትወልድ በግ ከዋጋ ንረት ይጠብቃሉ፤ የደነደነ ሲሚንቶ ግን አይጠብቅም።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ አለማውጣት ይሻላል» ብሎ እንዳይደመድም እንፈራለን። በመዝገባችን መጨረሻ ላይ ከሁሉ የከበደ አንድ ገጽ አለ፤ ይኸውም ባላወጣነው ገንዘብ የተጸጸትንበት ነው። እናታችን ዐይናቸው እየደከመ መሄዱን በ2011 ዓ.ም. ነግረውን ነበር። እኛም የመንገዱን፣ የማደሪያውንና የሕክምናውን ወጪ አስልተን «ለሚመጣው ገና ይቈየን» አልን። ገናው መጣ፤ ገንዘቡም መጣ፤ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ከላይ ተናግረናል። ከዚያም መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስናደርሳቸው ሕመሙ የዐይን ግፊት መሆኑን ነገሩን። የዐይን ሞራ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ሕክምና ይመለስ ነበር፤ በዐይን ግፊት የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም፤ የቀረውን በሕክምና መጠበቅ ብቻ ይቻላል። እናታችን ዛሬ በአንድ ዐይናቸው ጥላ ብቻ ያያሉ። አንድም ቀን አልወቀሱንም። ያን ገጽ የጻፍነው ልጆቻችን እንዲያነቡት ነው፤ ቍጠባ ማለት ገንዘብን ማሰር ብቻ እንዳልሆነ እንዲያውቁ።

ከመዝገቡ ያገኘነውን ደንብ በአጭሩ እናቅርብ፤ አንባቢዎቻችን ለየቤታቸው እንደሚስማማ አድርገው ሊያሻሽሉት ይችላሉ።

በመጀመሪያ፣ የበዓል ገንዘብ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ጎታው ይሂድ። ቤተ ሰቡ እስከ መስከረም የሚበላው እህል በጥርና በየካቲት ይገዛ፤ በደንብ ይድረቅ፤ ከነቀዝም ይጠበቅ። ይህ ሳይሆን ለዕቃ አንድ ብር አይውጣ።

ሁለተኛ፣ ከእህሉ ቀጥሎ ለልጆች ትምህርትና ለቤተ ሰቡ ጤና የሚሆነው ለብቻው ይቀመጥ። «የታመመ ሰው ወይም የሚያመው ሰው አለን?» የሚለው ጥያቄ «ምን ይጐድለናል?» ከሚለው ይቅደም።

ሦስተኛ፣ የሚሰጠው አይሸጥ፤ የሚጠብቀውን ለመግዛት ሲባል የሚሰጠውን መሸጥ ፈጽሞ አይገባም። ላም፣ በግ፣ የንብ ቀፎ፣ የእጅ ሥራ መሣሪያ የቤቱ እጆች ናቸው። እጁን ቈርጦ ቀለበት የሚገዛ ሰው አለን?

አራተኛ፣ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ዕቃ ዐይተን በወደድነው ቀን አይገዛ። ሁለተኛው ቅዳሜ እስኪደርስ ይጠበቅ። በዚህም መካከል ያንኑ ዕቃ ዓመት የተገለገለበት ሰው ይጠየቅ፤ ሻጭ የዕቃውን መልክ ይነግረናል፤ ተገልጋዩ ግን ጠባዩን ይነግረናል። እኛ ሁለት ቅዳሜ የጠበቅንላቸው ብዙ ዕቃዎች ሁለተኛው ቅዳሜ ሲደርስ አስፈላጊነታቸው ተረስቶ ተገኝቷል።

አምስተኛ፣ ድግስ ሲታሰብ «ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ቀርቶ «ዕዳውን ማን ይከፍላል?» ይባል።

ከተማችን ስለምትታወቅበት ሥራ አንድ ቃል ጨምረን እንጨርስ። ዐሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠሩ ሕንፃዎች አይደሉም፤ ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ግንበኛ ቢሳሳት ያፈርሳል፤ ደግሞ ይሠራል። ድንጋይ ፈልፋይ ግን አንድ ጊዜ የቈረጠውን መልሶ ሊያጣብቅ አይችልም፤ ስለዚህ መሮውን ከማሳረፉ በፊት መለካት ግዴታው ነበር። ገንዘብም ከእጅ ከወጣ በኋላ እንደ ተፈለፈለ ድንጋይ ነው፤ አይመለስም። የሚቀጥለውን ቦታ ለክቶ መምታት ግን ይቻላል። በወንጌልም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ተመክሯል፤ ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት የጎብኚው ነገር እንደገና ተጓድሎብን ቈይቷል። ክፍሎቻችን ባዶ ያደሩባቸው ገናዎች አሉ። ነገር ግን መዝገቡን ከጀመርን ወዲህ ሐምሌ ሲገባ ጎታችን ባዶ ሆኖ አላገኘነውም። ባለፈው ዓመትም ከጥቂቷ ትርፍ አንዲት ጊደር ገዛን። ስትወልድ የመጀመሪያው ወተት ወዴት እንደሚሄድ ልጆቻችን ራሳቸው ወስነዋል፤ ጣሳውንም ለእማማ ቤት ብለው ለይተው አስቀምጠዋል።